ብሬን ጌምስ፦ አንጎል የሚሞላው ክፍተት

ብሬን ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2011 በናሽናል ጂኦግራፊክ ቻናል የጀመረ ተከታታይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። ከ2013 ጀምሮ ጄሰን ሲልቫ፣ በ2020 ደግሞ ኪገን ማይክል ኪ አቅርበውታል። ዝግጅቱ አንጎል የምናየውንና የምንሰማውን እንዴት እንደሚተረጉም በጨዋታና በሙከራ ያሳያል። ዋና መልእክቱ የምናየውን ነገር ዓይን ብቻውን እንደማይወስነው ነው።

እርስዎም ይሞክሩት

በነጭ ወረቀት ላይ የመደመር ምልክት ይሥሩ። ከምልክቱ በስተቀኝ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ትንሽ ጥቁር ነጥብ ያድርጉ። ግራ ዓይንዎን ሸፍነው በቀኝ ዓይንዎ የመደመር ምልክቱን ብቻ እየተመለከቱ ወረቀቱን ከክንድዎ ርቀት ቀስ በቀስ ያቅርቡ። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋል።

ለምን ይጠፋል?

የዓይን ነርቭ ከሬቲና በሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት የሉም። አንጎል ክፍተቱን በዙሪያው ባለው ነጭ ቀለም ስለሚሞላው ጉድለቱ አይታወቅዎትም። ይህ በጤነኛ ዓይንም ያለ ነው።

ጥንቃቄ

ይኸው የአንጎል ችሎታ በሽታን ሊሸፍን ይችላል። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም የዳር ዕይታን ቀስ በቀስ ያጠፋል። የጠፋው ዕይታ አይመለስም፤ ሕክምና ግን ቀሪውን ለማትረፍ ይረዳል። ዕድሜዎ ከ40 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ወይም ከወላጆችዎ፣ ከወንድሞችዎና ከእህቶችዎ መካከል ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ፣ በደንብ የሚያዩ ቢመስልዎትም የዓይን ምርመራ ያድርጉ። ከላይ ያለው ሙከራ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ዕይታዎ በድንገት ከቀነሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።