የጨርጨር ተመላሾች

እናላችሁ፣ ዘመኑ 1888 ዓ.ም. ነው። የዐድዋ ድል ከተገኘ ገና ብዙ አልቆየም። ከሐረር በራስ መኮንን ሥር ከዘመተው ጦር ጋር አብሮ የተጓዘ፣ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ገደማ የሆነ ልጅ አለ። ሸዋ ውስጥ ሰያ ደብር ተወልዶ ሐረር በራስ ግቢ ያደገ ልጅ ነው፤ ስሙ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። ጦርነቱ ሲያበቃ ራስ መኮንን ልጁ ወደ ሩሲያ ሄዶ እንዲማር ሊዮንቲየቭ ለሚባል ሩሲያዊ ሰጡት። ልጁም ከሐረር ፀሐይ ተነሥቶ በረዶ አገር ገባ።

እዚያ ሞልቻኖቭ የሚባል ኮሎኔል ቤተሰብ እንደ ልጁ አድርጎ አሳደገው። ሴንት ፒተርስበርግ በሚካኤሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብቶ የመድፍ ትምህርት ተማረ። ከዐሥር ዓመት በላይ! ልጅ ሆኖ የወጣ ሰው ጢም አውጥቶ፣ የመኮንን ልብስ ለብሶ፣ የሩሲያ ሰው ጨዋታና ወግ አውቆ የሚመለስበት ጊዜ ነው።

ሲመለስ ግን ራስ መኮንን የሉም። መጋቢት 1898 ቁልቢ ላይ ዐርፈዋል። አፄ ምኒልክም ቢሆኑ የቀድሞው ምኒልክ አልነበሩም፤ ሕመም እያደከማቸው ነበር። እዚህ ላይ እኔ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። የላከህ ሰው በሌለበት ቤት እንዴት ይገባል? "ይኸው ተማርኩ" የሚባለው ለማን ነው? በእኛዋ ከተማ በጭሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! በሬ ሸጦ፣ የጫት ማሳ አስይዞ ልጁን ውጭ አገር የላከ አባት፣ ልጁ ዲግሪውን ይዞ ሲደርስ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ጎረቤት ለልጁ እንኳን ደስ አለህ ይበል ወይስ እግዜር ያጥናህ ይበል፣ ይጨንቀዋል።

ተክለ ሐዋርያት አገር ቤት ብዙ ሳይቀመጡ ደግሞ ግብርና ሊማሩ ወደ አውሮፓ ተመለሱ። መድፍ የተማረ ሰው ስለ ማረሻ ይጨነቃል? እኔ እንደሚገባኝ፣ አገራቸውን እንደገና ሲያዩዋት የጎደላት ሌላ ነገር መሆኑን ስላዩ ነው።

ሌላም ነገር አመጡ፤ ቴአትር። የእንስሳት ተረት ላይ ተመሥርተው "ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜድያ" የሚባለውን ጻፉ። በአገራችን መድረክ ላይ የታየ የመጀመሪያው የቴአትር ድርሰት ነው። አውሬዎቹ የሚናገሩት ግን ስለ ሹማምንቱ ነበር፤ ስለ ጉቦው፣ ስለ ስንፍናው ነበር። መኳንንቱ ተቀምጠው ራሳቸውን አዩ። ንግሥት ዘውዲቱም ቴአትሩን አገዱት። ከባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ሲከለከል ምን ይሰማዋል? ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን አንሥቶ ይመለስ ነበር። እሳቸው ቀሩ።

አሁን ወደኛ አገር፣ ወደ ጨርጨር እንምጣ።

ከሚኤሶ ተነሡ። ሚኤሶ ቆላ ነው፤ ግመሉ፣ አቧራው፣ ንዳዱ። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ያልፍ የነበረው በዚያ ነው፤ አሁን ያለው አዲሱም በዚያ ያልፋል። ከዚያ መኪናው ዳገቱን ይይዛል። ጥምዝምዙን ሲወጣ ጆሮ ድፍን ይላል። ማሳውን የሞላው ማሽላ በጫትና በቡና ይተካል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሾፌሩ መስኮቱን ይዘጋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ጭሮ ትመጣለች፣ አባቶቻችን አሰበ ተፈሪ የሚሏት። ይህቺን ከተማ ነው እኚያ ከሩሲያ የተመለሱት ሰው፣ የጨርጨር ገዥ ሆነው በተሾሙ ጊዜ፣ በ1910ዎቹ አጋማሽ ዋና ከተማ አድርገው ያቋቋሟት። ስሟንም ከዚያን ጊዜው አልጋ ወራሽ ከራስ ተፈሪ ወሰደች።

ሐሳባቸው ሰፊ ነበር። ጨርጨር ለሌላው ጠቅላይ ግዛት ምሳሌ እንድትሆን ፈለጉ። የአስተዳደር ደንብ ጻፉ፤ መሬት እንዲለካ፣ ግብሩ በሥርዓት እንዲሆን፣ ሹሙ እንዳሻው እንዳያደርግ ፈለጉ። ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥቱ ዙሪያ አላላውስ የተባለው እውቀት እዚህ ተራራ ላይ መሬት ነካ። ተመላሽ ሰው ይህን ካገኘ ግማሹ ሕመሙ ይሽራል ብዬ አምናለሁ። የሚጎዳው የመንገዱ አለመስተካከል አይደለም፤ የመብራቱ መጥፋትም አይደለም። የሚጎዳው የተማርከውን የምታሳርፍበት ቦታ ማጣት ነው።

ግን ታሪኩን በአንድ ወገን ብቻ ልተርክላችሁ አልፈልግም። ጨርጨር ባዶ አገር አልነበረም። የኢቱ ኦሮሞ ገና ከጥንት ጀምሮ ኦዳ ቡልቱም በሚባለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሕጉን ሲደነግግ፣ ሲመካከር፣ ሲታረቅ የኖረበት አገር ነው። የምኒልክ ጦር ሐረርን የያዘው በጥር 1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው የገባር ኑሮ ኖሯል። እንግዲህ የተማረ ገዥ ሲመጣ፣ ደንቡ ከቀድሞው ቢሻልም፣ ያው ከላይ የወረደ ደንብ ነው። ገበሬውን "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ይህ የተክለ ሐዋርያትን ልፋት አያሳንስም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከውጭ ተምሮ የሚመጣ ልጃችን የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው። አገሩን የሚወድበት ፍቅር እውነተኛ ነው፤ አገሩ ግን እሱ በሌለበት ጊዜ የራሷን ሐሳብ ስታስብ ቆይታለች።

ከተክለ ሐዋርያት በኋላ ጨርጨርን ከገዙት መካከል ደግሞ የባሰ ታሪክ ያላቸው ሰው አሉ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። እሳቸው ተምሬ ልምጣ ብለው አልሄዱም፤ ተወሰዱ። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበረ አንድ መኮንን ያን ብቻውን የቀረ የሦስት አራት ዓመት ሕፃን ይዞት ሄደ። ሕፃኑ ህንድ ውስጥ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ። ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፤ ኤደንብራም ሄዶ ጨመረበት፤ በርማ ውስጥ ሐኪም ሆኖ ሠራ። የዐድዋ ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ ልቡ ተነሣ። በ1891 ገደማ አዲስ አበባ ገባ።

እስቲ አስቡት፤ አገሩ ደረሰ፣ አማርኛ አያውቅም። ከወገኑ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነው። ዘመዶቹ ተፈለጉ፤ አያቱ መጡ። ሴትዮዋ ሰውነቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው ልጃችን ነው ብለው ለዩት። ስሙን እንኳ የማያውቀው ሰው በጠባሳው ታወቀ! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ደስታው ብቻ አይደለም፤ ያቺ አያት የልጅ ልጇን አቅፋ የምትለውን ሁሉ እሱ አለመስማቱ ነው። እሱም ወዲያው አልቀረም። ወደ በርማ ተመለሰ፤ ዓመታት አልፈው እንደገና መጣ፤ በመጨረሻም ኑሮውን እዚሁ አደረገ። አንድ ሰው አገሩ ለመመለስ ደጋግሞ መመለስ ሊኖርበት ይችላል፤ እንደሱ ያለ ሰው ላይ ማን ይፈርዳል?

ሐኪም ወርቅነህ የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። ጣሊያን ሊወረን ሲቃረብ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። ሁለት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ እንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው አገራቸው ገብተው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶቹ የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲጨርሱ ሁለቱም ተገደሉ። አባት ለንደን፣ ልጆች አገር ቤት። ባይመለሱ ኖሮ በሕይወት ይኖሩ ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ለማለት አፌ ይከብደዋል፤ ግን እውነት ነው፤ የመመለስን ነገር ሲያወሩ ይህን መዝለል ደግ አይደለም።

ወደ ተክለ ሐዋርያት ልመለስ። በ1923 የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተከራከሩ። በ1928 ጠላት ሲገባ ተሰደዱ፤ ጅቡቲ፣ ቀጥሎም ማዳጋስካር። ነፃነት ተመለሰ፤ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ንጉሠ ነገሥት ከሆኑት ከያኔው ራስ ተፈሪ ጋር ነገሩ አልገጠመም። ወደ ሃያ ዓመት ያህል በስደት ቆዩ።

በዚያ መካከል አንድ መጽሐፍ ወጣ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 "አርአያ" የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ፈረንሳይ አገር ተምሮ አገሬን ላገልግል ብሎ የተመለሰ፣ ሐሳቡ ከቢሮው ኑሮ ጋር የተጋጨበት ወጣት ታሪክ ነው። መጽሐፉ አገር ቤት ሲነበብ የደራሲው አባት ገና ባሕር ማዶ ነበሩ። ስለ መመለስ ከተጻፉት የአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው።

በመጨረሻ በ1940ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ሽማግሌው ተመለሱ። የት ይገባሉ ትላላችሁ? አዲስ አበባ አይደለም። ሂርና ነው የገቡት፤ ከጭሮ ወደ ሐረር ሲኬድ የምትገኘው ከተማ። እዚያ እርሻቸው ላይ ተቀመጡ። በወጣትነታቸው አውሮፓ ድረስ የተከተሉት ግብርና በእርጅናቸው እዚህ አገኛቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ ዘጠና ዓመት አልፏቸው ነበር። በ1969 ሚያዝያ ላይ ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣው በ1998 ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት የእኅቴ ልጅ ሰሞኑን ስላስጨነቀኝ ነው። ውጭ አገር ስለ አፈር ተምሮ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ መጣ። ጭሮ መናኸሪያ ሲወርድ እልልታው፣ ባጃጁ፣ የጎረቤቱ ልጅ ሻንጣውን መሸከሙ፣ ሁሉም ደስ የሚል ነበር። ማታ ሆጃ ፈልቶ ቤቱ ሞላ። ያኔ አንዱ "መቼ ትመለሳለህ?" አለው። ሌላውም ጠየቀው። ገበያ ሲወጣ ጠየቁት፤ ለቅሶ ቤት ጠየቁት። ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ "አጎቴ፣ መጥቻለሁ እኮ! ለምን እንግዳ ያደርጉኛል?" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ በዚያው አፉ፣ እዚያ የነበረውን ላቦራቶሪ፣ ማለዳ የሚሮጥበትን መናፈሻ፣ ጓደኞቹን እንደናፈቀ ነገረኝ። ሁለቱንም አምኜዋለሁ። ሁለቱም የሱ ናቸው።

ሥራ ለመፈለግ ደጅ መጥናት ጀመረ። አንዱ ቢሮ ነገ ና፣ ሌላው ደብዳቤ አምጣ። እኔም እንደ ተክለ ሐዋርያት ዝቅ ብለህ መሬቱን ያዝ አልኩት። አልተቆጣም። ሐብሮ ወረዳ ገጠር ዘመድ አለን፤ አብረን ሄድን።

ሽማግሌው ገበሬ የቡና ተክላቸውን ነቅለው ጫት ተክለዋል። ጥቂት ያረጁ የቡና ዛፎች ብቻ ከቤቱ ጀርባ ቀርተዋል፤ ቅጠላቸው ቢጫ፣ ግንዳቸው ሽበት የመሰለ ሻጋታ የያዘው። የእኅቴ ልጅ በርከክ ብሎ አፈሩን በጣቱ አፍተለተለ፤ አሸተተው። ከዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛው፣ ለዓመታት ባልተናገረው፣ ለምን ቡናውን እንደነቀሉ ጠየቃቸው።

"ልጄ፣" አሉ ሽማግሌው፣ "ጫት በዓመት ደጋግሜ እቆርጠዋለሁ። ቡና በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ዝናብ ከመጣ። ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ ይበላሉ።"

እሱ የተዘጋጀበት ትምህርት ነበረው፤ አየሁት፣ ሊጀምር ከንፈሩ ተላቀቀ። ተወው። ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ስለ ውኃው ጠየቀ። የትኛው ዛፍ ድርቁን እንደቻለ ጠየቀ። ሽማግሌው እየመሩ አንዷን ዛፍ አሳዩት፤ ሌሎቹ ሲጠወልጉ እሷ ያላቋረጠች። ከዚያች ፍሬ ሰበሰቡ። መቻራ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ያሉትን ሰዎች አማክሮ ችግኝ ሊያፈላ ተስማሙ።

ስንለያይ ሽማግሌው እጁን ይዘው፣ ሰሞኑን ሁሉ ሲጠየቅ የከረመውን ጥያቄ አልጠየቁትም። የጠየቁት ችግኙ መቼ እንደሚደርስ ነው። እሱም ክረምቱ ሳይገባ አላቸው፤ አሁን በዴሳ ከተማ ላይ ፕላስቲክ ከረጢት በአፈር እየሞላ ነው።