የዶግ ሙጫ እንበለው

የህንድ ምግብ አሠራር በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ቅመም ላይ ሲደርስ ብዕር ሁሉ ይደናቀፋል። አንዱ «አሳፌቲዳ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው «ሂንግ» ይለዋል፤ ሦስተኛው ከፈረንጅ መዝገበ ቃላት ገልብጦ «የሰይጣን እበት» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሦስተኛው ያናድደኛል። በወጥ ውስጥ ገብቶ፣ ማዕድ ላይ ቀርቦ፣ በስመ አብ ተብሎበት የሚበላ ነገር በእኛ ቋንቋ እንዲህ ተብሎ ሊጠራ አይገባም። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ ሥር ሳይሰድ የተሻለውን መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው።

ነገሩን አንባቢ በከፊል ያውቀዋል። በኢራንና በአፍጋኒስታን ደረቅ ተራሮች የሚበቅል፣ ከእንስላል ወገን የሆነ ቁመተ ረጅም ተክል አለ። ሰዎች የሥሩን አናት ከአፈር ገልጠው ይቆርጡታል፤ ከቁስሉ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል፤ ሲደርቅ ይፋቃል፤ ሥሩ ዳግመኛ ይቆረጣል። መተማና ቋራ ላይ የዕጣን ዛፍ እያቆሰሉ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ሥራ ቢያዩት አይገርማቸውም። የደረቀው ሙጫ ሽታው ከባድ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሽታውን ያገኘው ድኝ ካለባቸው ውህዶች ነው፤ ይህም እንደዚያው። በጋለ ቅቤ ወይም ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ቤቱን የሚሞላው የተቁላላ ሽንኩርት ሽታ ይሆናል። ለአንድ ድስት ከአንዲት የምስር ክክ የማይበልጥ ይበቃዋል። በትንንሽ ዕቃ ታሽጎ የሚሸጠው ዱቄት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ሙጫ ሳይሆን ከስንዴ ወይም ከሩዝ ዱቄትና ከግራር ሙጫ ጋር የተደባለቀ ነው፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አለበት።

ህንዶች ይህን ያህል የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። የጃይን እምነት ተከታዮች ሥራ ሥር መንቀል ነፍስ ማጥፋት ነው ብለው ሽንኩርትንም ነጭ ሽንኩርትንም አይበሉም። ከሂንዱዎችም ብዙ የቪሽኑ አምላኪዎች ሁለቱን ይተዋሉ። የካሽሚር ብራህማኖች ሥጋ ሳይቀር ያለ ሽንኩርት ይሠራሉ። ለእነዚህ ሁሉ የቁሌቱን ቦታ የሚሸፍነው ይህ ሙጫ ነው። ዋልድባ ላይ እህል ትተው በቋርፍ የሚኖሩ መነኮሳት ያሉት ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ህንድ ጥሬውን ሙጫ በዓመት 1,200 ቶን ገደማ ከውጭ ስታስገባ ኖራ ተክሉን በራሷ መሬት ላይ መትከል የጀመረችው በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በሂማላያ ውስጥ ባለው የላሁል ሸለቆ ነው። እንግዲህ ለራሷ ለህንድም የውጭ ዕቃ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያነሣሁት ስሙ ላይ ስንደርስ ስለሚያስፈልገን ነው።

«የሰይጣን እበት» የመጣው ከጀርመኖችና ከፈረንሳዮች ነው። እነሱ ዘንድ ሙጫው ለብዙ ዘመን የኖረው መድኃኒት መሸጫ ውስጥ እንጂ ማድቤት ውስጥ አልነበረም፤ ሽታውን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ያወጡለት ስድብ ነው። የሚያበስለውና የሚበላው ሕዝብ እንደዚያ ብሎ አያውቅም። ታዲያ እኛ ከበላተኛው ትተን ከተሳዳቢው የምንዋሰው ለምንድን ነው? በአማርኛ ደግሞ ስድቡ ይከፋል። ሰይጣን በእኛ ቋንቋ የሚማተቡበት ስም ነው፤ እናቶቻችን ድስት ሲከፍቱ ስሙን አያነሡም። እበትም የራሱ ክብር አለው። አውድማ የሚለቀለቅበት፣ ጎታ የሚመረግበት፣ ኩበት ሆኖ እንጀራ የሚጋገርበት ነገር ነው፤ ስድብ ሆኖ አያገለግልም። እናም ሐረጉ ከሁለቱም ወገን ተሰብሯል።

ከዚህ ለመሸሽ ሲሉ «ግም ሙጫ» የሚል ያቀረቡ አሉ። የላቲኑን ስም ተከትለው ነው። አሳፌቲዳ ከሁለት ቋንቋ የተሰፋ ነው፤ «አሳ» ሙጫ ከሚለው የፋርስ ቃል፣ «ፌቲዳ» የሚገማ ከሚለው የላቲን ቃል። ትርጉሙ በቀጥታ ሲታይ ግም ሙጫ መሆኑ አይካድም። ግን አማርኛ ስለ ሽታ ከላቲን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ገማ የምንለው የተበላሸውን ነው፤ እንቁላል ይገማል፣ ሥጋ ይገማል፣ ሰውም በምግባሩ ሲበላሽ «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ይባላል። ይህ ሙጫ አልተበላሸም፤ ሽታው ጠባዩ ነው። ነጭ ሽንኩርት ገማ የሚል የለም። ክርፋት ያደፈ ነገር ነው፣ ጥንባት የበከተ። ሸተተ ከሚለው ግስ ግን ሽታም ሽቶም ይወጣሉ፤ አንዱ አፍንጫ ያስይዛል፣ አንዱ በብልቃጥ ይሸጣል። ግእዙም ጼና ብሎ መዓዛን፣ ጺአት ብሎ ግማትን ይለያል። እንዲህ ያለ ልዩነት በእጃችን እያለ ግም ብሎ መደምደም ቋንቋውን ማሳነስ ነው።

«ሂንግ»ን አልጠላውም። አጭር ነው፣ አፍ ላይ አይከብድም፣ የዕቃው ሽፋን ላይም የሚገኘው እሱ ነው። ቲማቲምንና ካሮትን የተቀበለ አማርኛ ሂንግን ቢቀበል አይጎዳም። ግን ለሰሚው ምንም አይነግረውም፤ ተክል ይሁን ማዕድን፣ ፍሬ ይሁን ቅጠል አይታወቅም። «ሕልቲት» ደግሞ የዐረቦቹ ስም ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም ይሉታል። ቅርንፉድና ቀረፋ በመጡበት መንገድ ቢመጣ ወጉ ነበር። የሚያስፈራኝ ሂልበት የሚባል የጾም ምግብ ያለን መሆናችን ነው፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ አንባቢ አንዱን የሌላው የፊደል ስሕተት ያደርገዋል።

የተክሉ አገር ሰዎች ግን ምን ብለው ሰየሙት? የፋርስ ሰዎች አንጉዛድ ይሉታል። «አንጉ» የተክሉ ስም ነው፤ «ዛድ» ሙጫ ነው። በቃ፤ የእንትን ተክል ሙጫ። ሽታውን አላነሡም፣ ሰይጣንንም አልጠሩም። በሳንስክሪት ሂንጉ፣ በሂንዲ ሂንግ የሆነውም ከዚያው ከኢራን ወገን በውሰት የመጣ ነው ይባላል። የስሙ አሠራር ዕጣንና ሙጫ ለሚነግድ ሕዝብ የታወቀ ነው፤ እኛም የግራር ሙጫ እንላለን። የቀረን የተክሉን ስም ማግኘት ብቻ ነው።

እሱም አለን። ዶግ ይባላል።

ከአሳፌቲዳው ተክል ጋር አንድ ዘር የሆነ፣ የሥነ ሕይወት ሰዎች ፌሩላ በሚሉት ወገን ውስጥ የሚቆጠር ተክል በአገራችን ተራሮች ላይ ይበቅላል፤ አማርኛው ዶግ ብሎ ሰይሞታል። ቅጠሉ እንደ እንስላል የተበጣጠሰ፣ አበባው ቢጫ፣ ግንዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነው። የከተማ ሰው ድምፁን የሚያውቀው «ዶግ አመድ ሆነ» ሲባል ነው፤ ተክሉን የሚያውቁት ባላገሩና ሥር ማሹ ናቸው። ስለ ወገዳ ማንሣት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ወገዳ ስል ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ማለቴ ነው፤ ከበሽሎ ቆላ ጀምሮ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ እስከሚቆመው የጉና ውርጭ ድረስ ያለውን አገር። ያ አገር ድጓ የሚመሰከርበት የቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት መምህራን የተቀመጡበት የዙር አምባ አገር ነው። የቆሎ ተማሪው ቀን ቀን ግስ ሲያወርድ ይውላል፤ ለምኖ በሚያድርበት መንደር ደግሞ የየቁጥቋጦውን ስም ከእረኛው ይማራል። አንድ ቃል ሲመጣበት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከምን ወጣ? ዘመዱ ማን ነው?» ብሎ ነው። ቃል የሚመረመረው እንዲህ ነው። አሳፌቲዳም በዚህ ጥያቄ ፊት ሲቆም ዘመዱ ዶግ ሆኖ ይገኛል።

አንድ አደጋ አለ፤ ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ይሆናል። የእኛው ዶግ ቅመም አይደለም። የሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ እረኞች ይህንኑ ተክል በደንብ ያውቁታል፤ በአንዳንድ ስፍራ የሚበቅለው መርዛማ ነው፣ የበላው በግና ከብት ደሙ አልረጋ ብሎ ይሞታል። ስለዚህ «የዶግ ሙጫ» ሲባል ሰምቶ ከተራራው ሥር ቆፍሮ ወጥ ውስጥ የሚጨምር ሰው እንዳይኖር ስሙ ራሱ መጠበቂያ ሊኖረው ይገባል። መጠበቂያውን የመጣበት አገር ይሰጠናል። ተክሉን «የፋርስ ዶግ»፣ ሙጫውን «የፋርስ ዶግ ሙጫ» እንበል። «የህንድ ዶግ» ማለት ደስ ቢልም ትክክል አይሆንም፤ ህንድ በላተኛ እንጂ አብቃይ እንዳልነበረች አይተናል። የአገር ስም ጨምሮ መጤውን ከነባሩ መለየት ደግሞ የአማርኛ የቆየ ልማድ ነው። በቆሎ ሲመጣ የባሕር ማሽላ ተባለ፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ሆኖ ቀረ።

ዝምድናውን የሚጠራጠርም አይጠፋም፤ መርዝና ቅመም እንዴት በአንድ ስም ይጠራሉ ይል ይሆናል። አዝሙድን ይመልከት። ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ በሥነ ሕይወት ቢታዩ ፈጽሞ አይዛመዱም፤ ነጩ የእንስላል ወገን ነው፣ ጥቁሩ ግን ከሌላ ቤተሰብ። አማርኛ ሁለቱን በቀለም ለይቶ በአንድ ስም ሲጠራቸው ማንም ተምታቶበት አያውቅም። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም ይህን መንገድ ሄደውበታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ፈሪሳውያን አሥራት ከሚያወጡባቸው ቅጠላ ቅጠሎች በግሪኩ የመጀመሪያው ናና ነው፤ በ1954ቱ አማርኛ ግን አዝሙድ ሆኖ ከእንስላልና ከከሙን ጋር ተሰልፏል። ለባላገሩ የሚገባውን መረጡ። የፋርስ ዶግ ከዚያ የቀረበ ነው፤ በዘርም በመልክም ዘመድ ነውና።

ሌላው ክርክር በከተማ ልጆች ዘንድ ይነሣል፤ «ዶግ» ሲባል በእንግሊዝኛ ውሻ ይመስላል የሚል። ይህን በቁም ነገር እመልሰዋለሁ፤ ነገሩ ከአንድ ቅመም በላይ ነውና። የእኛ ቃል ከሌላ ቋንቋ ቃል ጋር በድምፅ ስለተገጣጠመ እናፍርበት ከተባለ ከአማርኛ የሚተርፈን ጥቂት ነው። ዶግ የተራራ ተክል ስም ነው። እረኛ የሚጠራው ስም በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ የሚያሳፍር ሲሆን የጠፋው ቃሉ ብቻ አይሆንም፤ ተክሉን ማወቅም አብሮ ይጠፋል። ልጅ «አሳፌቲዳ»ን በቃሉ ይይዛል፤ ጉና ሥር ቆሞ የተክሉን ዘመድ ሲያይ ግን ስም የለውም።

ቃል ሲወዳደር ማየት ደግሞ አያስከፋም። ከአብዮቱ ዘመን ጀምሮ ላብ አደርና ወዝ አደር ተፎካክረዋል፣ ርዕዮተ ዓለም ያለ ተቀናቃኝ ገብቶ ተቀመጠ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው፣ አማርኛ ለአንድ ነገር ሁለትና ሦስት ስም ለመያዝ እንደማይጨናነቅ ያያል። ሂንግም ከጎኑ ይኑር፤ የሚወገደው የሰይጣኑ ብቻ ይሁን።

አጠቃቀሙ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። በጽሑፍ ውስጥ መጀመሪያ ሲነሣ «የፋርስ ዶግ ሙጫ (ሂንግ)» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ ከዚያ ወዲያ «ዶግ ሙጫ» ይበቃል፤ የባሕር ዛፍ «የ»ው ወድቆለት ባሕር ዛፍ እንደሆነ ሁሉ ይህም ሲለመድ ይጣላል። ባለሙያዋ «ዶግ ሙጫውን በቅቤ አቁላዪው» ብትል ማንም ይገባዋል።

የሚቀረኝ አንድ ቃል አለ። ህንዶች ታድካ የሚሉትን ቁሌት ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ አይሆንም። ቁሌት ወጥ የሚጀመርበት ነው። ታድካ ግን ብዙ ጊዜ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ዶግ ሙጫውና ከሙኑ በጋለ ቅቤ ተንጣጥተው ከላይ የሚፈስሱበት ነው፤ የምስሩ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ማንጠርም አይሆንም፤ ቅቤው አስቀድሞ የተነጠረ ነውና። ለዚህ የሚሆን ቃል በማድቤቷ ያላት ባለሙያ፣ ከጋይንትም ትሁን ከሌላ፣ ብታወጣው ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።