በሌለ ገንዘብ የሚጠራ ዋጋ

የሄይቲን ታሪክ የሚያወሱ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ከጦር ሜዳ ይነሣሉ። እኔ ግን፣ እንጀራዬ ከሒሳብ መዝገብ ጋር የተሳሰረ ነውና፣ ከገበያው ልነሣ እወዳለሁ። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

በ1685 ለፈረንሳይ የካሪቢያን ደሴቶች የወጣው «ጥቁሩ ሕግ» ጌቶች ለባሪያዎቻቸው በየሳምንቱ የካሳቫ ዱቄትና የጨው ሥጋ ወይም ዓሣ እንዲሰፍሩ ያዝዝ ነበር። በቀለብ ፈንታ የዕረፍት ቀን መስጠትንም፣ በእሑድ መገበያየትንም ይከለክላል። ጌቶች ግን ቀለቡ ከበዳቸውና ቁራጭ መሬት ሰጥተው «ራሳችሁን መግቡ» አሉ። ከዚያች መሬት የተረፈው ሥራሥርና ሙዝ በየእሑዱ ወደ ከተማ እየወረደ ይሸጥ ጀመር። ራሱ ዋጋ የተቆረጠለት ሰው፣ በሳምንት አንድ ቀን ዋጋ ቆራጭ ሆነ። የሄይቲ ገበያ እንዲህ ከንፉግነት ተወለደ።

በ2017 በፖርት ኦ ፕራንስ «የብረት ገበያ» የሚባለውን ጎበኘሁ። በፈረንሳይ ተሠርቶ የመጣው ይህ አዳራሽ በ1891 በፕሬዚዳንት ፍሎርቪል ኢፖሊት ዘመን ቆመ፤ በ2008 በከፊል ተቃጠለ፤ በ2010 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ፤ በ2011 ታድሶ ተከፈተ። ከጉብኝቴ በኋላም በ2018 ዳግም እሳት ጎድቶታል። በጉብኝቴ ጊዜ በዙሪያው ሴቶች ሩዝና ባቄላ በቆርቆሮ ጣሳ ይሰፍሩ ነበር፤ ጣሳው «ማሚት» ይባላል። ከገጠር ከተማ ሸቀጥ የሚያመላልሱትን ነጋዴ ሴቶች ደግሞ በአንዲት ጫጫታ በምትወድ ወፍ ስም «ማዳን ሳራ» ይሏቸዋል።

ከአንዲት እናት ዘንድ ተጠብሶ፣ ተዳምጦ፣ ዳግም የተጠበሰ ጥሬ ሙዝ ቀመስሁ። ማባያው «ፒክሊዝ» ነው፤ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ጥቅል ጎመንና ካሮት፣ ቃሪያው ከእኛ ሚጥሚጣ የማይተናነስ። ዋጋው «አሥር ዶላር» ነው አሉኝ፤ የተቀበሉኝ ግን ሃምሳ ጉርድ ነበር። «የሄይቲ ዶላር» ኖትም ሳንቲምም የለውም። ለረጅም ዘመን አምስት ጉርድ በአንድ የአሜሪካ ዶላር ይመነዘር ነበር፤ ምንዛሪው ከቀረ በኋላም አጠራሩ በገበያተኛው አንደበት ቀረ።

ይህ በሌለ ገንዘብ የሚጠራ ዋጋ ሌላ ዋጋ አሳሰበኝ፤ ያኛው ግን ባለ ገንዘብ ተከፍሏል። በ1791 የተነሡት ባሪያዎች በኅዳር 1803 በቬርቲዬር የናፖሊዮንን ጦር ድል መትተው፣ በ1804 የመጀመሪያ ቀን ነጻነታቸውን ዐወጁ። በ1825 የፈረንሳይ የጦር መርከቦች መጥተው ለቀድሞዎቹ ባለንብረቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ አስፈረሙ፤ በ1838 ጠቅላላው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ አለ። ጠፋ ከተባለው «ንብረት» መካከል ሰዎቹ ራሳቸው ይገኙበታል። ተበዳዩ ተበዳሪ ሆነ። ከዚያ የተመዘዘው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው። በቡናው ላይ ግብር እየተጫነበት የከፈለው ገበሬው ነበር፤ ያ ጥንት በእሑድ ገበያ ይወርድ የነበረው ገበሬ።

የሄይቲ ሰዎች በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን በሥጋና በዱባ የሚሠራ «ሱፕ ጁሙ» የተባለ ሾርባ ይጠጣሉ። በባርነት ዘመን እያበሰሉ እንዳይቀምሱት የተከለከሉት የጌቶች ምግብ እንደነበረ ይተርካሉ። ዩኔስኮም በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ውድ አንባቢ፣ እኔ መዝገብ አመሳካሪ ነኝ፤ የተከፈለና የቀረ ሲተካከል ሒሳቡ ይዘጋል። የሄይቲ ሕዝብ ግን ለአንድ ነጻነት ሁለት ጊዜ ከፍሏል፤ አንድ ጊዜ በደም፣ አንድ ጊዜ በፍራንክ። የሁለተኛው ደረሰኝ በፓሪስ ቀርቷል። የመጀመሪያውን በየዓመቱ በትኩሱ ከድስት ያወጡታል።