ከእጅ መንሣት እስከ ታክሲ ሰልፍ፦ የአክብሮት ሥርዓት በአዲስ አበባ

በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ የኖረው አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ የዕለት ተዕለት የአክብሮት ሥርዓቱን የመሠረተው በማዕረግ፣ በዕድሜና በዝምድና ላይ ነበር። ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ከፊቱ የቆመው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ነበረበት። ምን ያህል ዝቅ ብሎ እጅ እንደሚነሣ፣ "አንቱ" ይበል ወይስ "አንተ"፣ የት እንደሚቀመጥና ማንን ቀድሞ እንደሚናገር የሚለየው በዚህ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህንኑ ሥርዓት ይዛ ተነሣች። ሥርዓቱ ከሁሉ ቀድሞ የተፈተነውም በእርሷው ነው።

አክብሮት ገና ከሩቅ የሚታየው በልብስ ላይ ነበር። በ1830ዎቹ ዓመታት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስን ጨምሮ የዚያ ዘመን ተጓዦች የሸማን አለባበስ በዝርዝር ጽፈዋል። ወደ በላዩ የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ይታጠቃል፤ አደግድጎ ቆመ የሚባለው ይኼ ነው። ጌታው በበኩሉ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቢቀመጥ የሚነቅፈው የለም። በበቅሎ የሚሄድ ከሚያከብረው ሰው ጋር መንገድ ላይ ከተገናኘ ይወርዳል። ሳይወርድ ካለፈ ግን ቸኩሎ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ንቆኛል ያሰኛል፣ ንቀት ደግሞ ቂም ያስቋጥራል።

ቤት ውስጥ ያለው ሥርዓት ከዚህም የጠበቀ ነበር። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ "ኖር!" እያለ ብድግ ይላል፤ ገቢው "በእግዜር" ብሎ ያስቀምጣቸዋል። ዕቃ የሚያቀብል በሁለት እጁ ያቀብላል፤ አለዚያም ቀኝ እጁን ዘርግቶ በግራው ክርኑን ደገፍ ያደርጋል። ከማዕድ በፊት ውኃ የሚያስታጥበው ከቤቱ ልጆች አንዱ ነው። ማስታጠቢያውን በግራ፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ ይዞ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከትልቁ ሰው ጀምሮ በየተራ እያጎነበሰ ይዞራል። ትልልቆቹ እስኪበሉ ልጆች ቆመው ይጠብቃሉ። እንግዳው ጠግቤአለሁ ሲል "በሞቴ!"፣ "አፈር ስሆን!" እያሉ ያጎርሱታል፤ የመጀመሪያውን ግብዣ ወዲያው መቀበል ደግሞ ስስታም ያሰኛል።

ቤተ መንግሥት ይህንኑ የቤት ሥርዓት በብዙ እጥፍ አሰፋው። በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ እየተጠራ ይገባ ነበር፤ አጋፋሪዎች ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ያስተናብራሉ። የጠጅ አሳላፊ ከማቅረቡ በፊት ከመዳፉ ላይ አፍስሶ ይቀምሳል። ንጉሡ ሲበሉ በመጋረጃ ይሸፈናሉ፤ መኳንንቱም በሸማ ይጋረዳሉ። የዚህን ዓለም ማዕረግና ወግ መዝግበው ካቆዩት መጻሕፍት ዋነኛው በ1942 ዓ.ም. የታተመው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል "ዝክረ ነገር" ነው።

ጥንታዊ ነው ተብሎ የሚታሰበው ሁሉ ግን ጥንታዊ አይደለም። ዛሬ የጉርብትና መለያ የሆነው የቡና ሥርዓት፣ ከነአቦሉ ከነቶናው ከነበረካው፣ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ በሰፊው የተለመደው ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በካህናት ዘንድ ይነቀፍ ነበር። ነቀፋው የላላው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማብረድ ብዙ ደክመዋል።

የቀድሞው ጨዋነት ሲወደስ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ከማዕዱ ውጭ የቀረው ሰው ነው። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ሠርተው ላመጡት ዕቃ ይፈለጋሉ እንጂ አብረው ይቁረሱ አይባሉም፤ "ቡዳ" የሚል ስምም ይለጠፍባቸዋል። እስከ 1934ቱ የእገዳ አዋጅ ድረስ ባርያ ሕጋዊ ንብረት ነበር፤ እጅ የሚያስታጥበው ብላቴና በስንት ቤት ባርያ ነበር። ሴቶቹ የሚበሉት ከወንዶቹ በኋላ ነው። አክብሮቱ እውነተኛ ነበር፤ የሚፈሰው ግን ከታች ወደ ላይ ነበር።

ሥርዓቱን የሚያስጠብቀው ሕግ አልነበረም፣ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ የሚሠራው ደግሞ የሚል ሰው ሲኖር ነው፤ የእገሌ ልጅ እጅ ሳይነሣ አለፈ፣ ሳይነሣ ቀረ ብሎ ለአባቱ የሚነግር ጎረቤት ያስፈልገዋል። መንደር ውስጥ ይህ ሰው ሞልቷል። ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ልማዱ መልኩን እየለወጠ ቀጠለ። ኮትና ሱሪ የለበሰ ሰው ማደግደግ አይችልም፤ ስለዚህ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ጎንበስ ማለት ጀመረ። የንጉሠ ነገሥቱ መኪና ሲያልፍ እግረኛው ቀርቶ ባለመኪናውም ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር፤ በበቅሎ ጊዜ የነበረው ወግ እንዳለ ወደ አስፋልት ተሻገረ ማለት ነው። ቤት የሚያስተምረውን ትምህርት ቤት ይጋራው ጀመር። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ "ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ" በ1910 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ኋላም ግብረ ገብ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ በየክፍሉ ተሰጠ። አንድ ልማድ መጽሐፍ ተጽፎለት፣ ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት በመምህር ሲሰጥ በቤት ብቻ መተላለፉ አጠራጥሯል ማለት ነው።

ምሰሶውን የጣለው አብዮቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ዘውዱና የማዕረግ ስሞቹ አብረው ተሻሩ። የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ጭሰኛው ለባለ መሬት፣ ተከራዩም ለባለ ቤት የሚያጎነብስበት ምክንያት በአምስት ወር ውስጥ ጠፋ። ደጃዝማቹም ፊታውራሪውም ቀርተው "ጓድ" የሚለው መጠሪያ ከላይ እስከ ታች ሁሉን አንድ አደረገ፤ ቢያንስ በቃል። ግብረ ገብ በፖለቲካ ትምህርት ተተካ። ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ጊዜ ያደረሰው ጉዳት ከዚህ የተለየ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠረጠረ፣ ሰዓት እላፊውም የማታ ጥየቃን አሳጠረ። ማዕረግ መሻሩ ጥቂቶችን ጎዳ። መጠርጠር ግን የሁሉንም ደጅ ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ በአዋጅ የመጣ አይደለም፤ በመጓጓዣ፣ በቤትና በስልክ ነው። በደርግ ጊዜ "ውይይት" የሚባሉት ታክሲዎች ከኋላ ግራና ቀኝ በተዘረጉ አግዳሚዎች ተሳፋሪውን ፊት ለፊት ያስቀምጡ ነበር፤ ስማቸውም የዘመኑን የውይይት ክበብ ያስታውሳል። እንዲህ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የተቀመጠ ሰው ሰላምታ ሳይለዋወጥ መጓዙ ይከብደዋል። በኋላ የተተኩት ሚኒባሶች ሁሉንም ወደ ፊት አዙረው አስቀመጡት፤ ተሳፋሪው የሚያየው የሰው ማጅራት ሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየምም እንዲሁ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ይጋራ የነበረው የቀበሌ ቤት ነዋሪ በዕጣ ከማያውቀው ሰው ጋር ደረጃ ተጋራ። ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት ቢሠራለትም፣ በሩን ዘግቶ ቡና የሚያፈላው በዛ። የቀድሞ ሰፈሩን ዕድር ሳይለቅ ከሩቅ እየተመላለሰ የሚቀብር ግን ዛሬም አለ።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሲገባ ሰላምታው ራሱ አጠረ። ጥንት እንደምን አደሩ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ እንደምን ከረሙ እየተባለ ከመጨረሻው መገናኘት ወዲህ ያለፈው ጊዜ ይመዘን ነበር፤ ቤተ ሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ይጠየቃል። በስልክ ሂሳብ እየቆጠረ ይህ ሁሉ አይባልም። የጨዋታው መክፈቻ "የት ነህ?" ሆነ። ይባስ ብሎ ሂሳብ ለመቆጠብ ሚስኮል ማድረግ መጣ፤ ትንሽ ትልቁን ደውልልኝ ብሎ የሚያዝበት መሣሪያ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሥርዓቱ ካደገበት አገር ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው ከሁሉ ይልቅ በእስራኤል ታይቷል። በ1977ና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ልጆቻቸውን ትልቅ ሰው ፊት ዐይን እንዳያፈጡና ድምፃቸውን እንዳያነሡ አስተምረው ነበር ያሳደጉት። በአዲሱ አገር መምህራን ዘንድ ግን አንገት መድፋት ብዙ ጊዜ እንደ ስንፍና ወይም እንደ መደበቅ ተቆጠረ። ልጆቹ ዕብራይስጡን ቀድመው ስለ ለመዱ በየቢሮው ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ። በቤት ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ልጅ በውጭ አባቱን መሪ ሆነ፤ ለአባትየው የነበረው ፍርሃትም በዚያው ላላ።

በአዲስ አበባም ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ በመጨባበጥ ሰላምታ መለዋወጥን ከለከለ። ሕዝቡም ብዙ አልተቸገረም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሩቅ ጎንበስ ማለት ጀመረ፤ የአያቶቹ እጅ መንሣት ማለት ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲያዳልጠው የማያውቀው መንገደኛ ዛሬም "እኔን!" ይላል። የታክሲ ረዳቱ የማያውቃቸውን አሮጊት "ማዘር" ብሎ ይጠራል። ቃሉ የውጭ ነው፤ ለማያውቁት ሰው የዝምድና ስም መስጠቱ ግን የቆየው ወግ ነው። በታክሲ ውስጥ "እኔ ልክፈል" እየተባለ የሚደረገው ግብግብም የበሞቴ ልጅ ነው።

ከሁሉ አዲሱ የታክሲ ሰልፍ ነው። ቀድሞ ታክሲ ሲመጣ ጉልበት ያለው ተጋፍቶ ይገባ ነበር፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሲገፈተሩ ማየት የተለመደ ነበር። ሰልፉ ማዕረግ አይጠይቅም፤ ዳይሬክተሩም ተላላኪውም በመጡበት ተራ ይቆማሉ። አሮጌው ሥርዓት ያልነበረው ነገር ይህ ነው፤ ለማያውቁት፣ ስሙንም ማዕረጉንም ለማይጠይቁት ሰው የሚደረግ አክብሮት። ሕፃን ያዘለች እናት ስትመጣ ደግሞ "አንቺ ቅደሚ" የሚል አይጠፋም፤ ከኋላ ያለውም በዚህ አያጉረመርምም።

ግብረ ገብ በቅርቡ በወጣው ሥርዓተ ትምህርት ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ተመልሷል። ልጁ ለአያቱ መነሣትን አሁንም በቤቱ ይማራል፤ ከትምህርት ቤቱ የሚፈለገው ለማያውቀው ሰው ተራ መጠበቅን ነው።