አትላንቲክን የተሻገረው የጣና ደንገል

የቅዳም ሥዑር ዕለት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ ሌላ ደብር የሄደ ሰው ራሱ ላይ ቄጤማ አስሮ ይመለሳል። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሰረችውን የኖህን ርግብ ለማሰብ ነው። ያ ቄጤማ ጣና ዳር የሚበቅል አንድ ቁመተ ረጅም ዘመድ አለው፤ ደንገል ይባላል። ግብጾች ወረቀት የሠሩበት እሱ ነው። የሙሴ እናት ልጇን ያስቀመጠችበት ሣጥን የተሠራው ከእሱ ነው። ኢሳይያስም ምዕራፍ 18 ላይ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለው ምድር ሲናገር የደንገል መርከብ ያነሣል። ዛሬ ግን የማወጋችሁ ስለ ጥንቱ አይደለም። የዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ግድም ከጣና ታጭዶ ሞሮኮ ድረስ ስለተጓዘና ከዚያ አትላንቲክን ስለተሻገረ ደንገል ነው። ታሪኩን ውጭ አገር ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ሲነሣ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ሰውየው ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኮን ቲኪ በምትባል የበልሳ ግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን ፖሊኔዥያ የደረሰው እሱ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያዘው፤ የጥንት ግብጾች መቃብራቸው ግድግዳ ላይ በሣሉት ዓይነት የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይቻላል ወይ? አዋቂ የተባሉት ሁሉ አይቻልም አሉት። ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ በጨው ውኃ ይበሰብሳል፣ ሁለት ሳምንት አይቆይም ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ሄየርዳል ጀልባውን የሠራው ጊዛ፣ ከፒራሚዶቹ ሥር ነው። ግን ግብጽ ውስጥ ደንገል አላገኘም! ስሙን ለዓለም ወረቀት ያወረሰው ተክል፣ ግድግዳው ሁሉ ላይ ተሥሎ የሚታየው ተክል፣ ከግብጽ የዓባይ ዳርቻ ለጀልባ የሚበቃ ያህል እንኳ አልቀረም ነበር። ስለዚህ ወደ ዓባይ ምንጭ መጣ። ወደ 12 ቶን የሚሆን ደንገል ከጣና ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በቀይ ባሕር በኩል ግብጽ ገባ። ሠሪዎቹን ደግሞ ከቻድ ሐይቅ አመጣ፤ የቡዱማ ሰዎች ናቸው፤ በሐይቃቸው ላይ የደንገል ታንኳ ያስራሉ። ሥዕሉ ከግብጽ፣ ተክሉ ከኢትዮጵያ፣ እጁ ከቻድ። አንድ አገር ሦስቱንም ይዞ አልተገኘም።

ልብ በሉ፣ እኛ ሁለቱ ነበሩን። ተክሉም ነበረን፣ እጁም ነበረን። የጣና ታንኳ ግን ሸራ የለውም፤ በዘንግ እየተገፋ ነው የሚሄደው፣ ሲመለስም ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ ይደረጋል። ለዘጌ ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ማድረሻ የተበጀ ነው። ለውቅያኖስ አልታሰበም። ሄየርዳል የቻዶቹን መምረጡ ብዙ አይደንቀኝም።

ጀልባዋ ራ ተባለች፣ በግብጾች የፀሐይ አምላክ ስም። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1969) ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሣች። ሰባት ሰው፣ ሰባት አገር፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ። ኖርዌይ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት፣ ጣሊያን፣ ሜክሲኮ፣ ግብጽ፣ ቻድ። ኢትዮጵያዊ የለም። ሰባቱም የተቀመጡት ግን በኢትዮጵያ ደንገል ላይ ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን የመሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ። እሱ ይጠገናል። የባሰው ኋላ መጣ፤ የጀልባዋ የኋላ ጫፍ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው መዘቅዘቅ ጀመረ። ማዕበሉም በኋላዋ እየገባ ይረግጣት ያዘ። ነገሩ ሲመረመር ጥፋቱ አንድ ገመድ ሆኖ ተገኘ። በግብጾቹ ሥዕል ላይ ወደ ላይ ከቀለበሰው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ የተወጠረ ገመድ አለ። ሠሪዎቹ ጫፉን ለማጉበጥ ብቻ የሚያገለግል መስሏቸው፣ ጫፉ በራሱ ሲቆም ጊዜ አያስፈልግም ብለው ተዉት። ገመዱ ግን እንደ ቀስት ጅማት ነበር፤ ኋላዋን ከፍ አድርጎ ይይዝና ከማዕበሉ ጋር እንድትተጣጠፍ ያደርጋታል። እሱ ከሌለ ኋላዋ ይሰምጣል። ይህን ያወቁት ውቅያኖሱ መካከል ነው። ራ ከ50 ቀን በላይ ተጉዛ፣ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ፣ ካሪቢያን ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሰዎቹ ወደ ሌላ ጀልባ ተዛውረው ተዉአት። ጊዜው ሰው ጨረቃን የረገጠበት ያው ሰሞን ነው።

አሁን እውነተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ምኑ ይቀየር?

ቀላሉ መልስ ደንገሉን መወንጀል ነበር። አዋቂዎቹም ብለውት ነበር፣ አለቀ። ሸራ ጀልባ ያለው ወዳጅ ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ፣ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። በዘመኑ የመዝናኛ ጀልባ ላይ የፊተኛው ሸራ እንደ መጋረጃ ይጠቀለላል። ከታች አንድ ከበሮ አለ፤ ገመዱን ሲስቡት ከበሮው ይዞርና ሸራው በፊተኛው ሽቦ ዙሪያ ይጠመጠማል። አንድ ቀን አልዞርም ይላል። ባለቤቱ ወዲያው አዲስ መጠቅለያ ሊገዛ ዋጋ ማወዳደር ይጀምራል፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከበሮው ላይ ሳይሆን ምሰሶው ጫፍ ላይ ነው። ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለው ገመድ ለሽቦው ከልክ በላይ ተጠግቶ አብሮ ይጠመጠምበታል። የገመዱ አቅጣጫ ካልተስተካከለ አዲሱም መጠቅለያ እንደ አሮጌው ይነክሳል።

ሄየርዳል አቅጣጫውን አየ። ደንገሉን አልቀየረም። በዓመቱ እንደገና ከኢትዮጵያ ደንገል አስመጣ፣ ሠሪዎቹን ግን ቀየረ። ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ፣ የአይማራ ሕዝብ የሆኑ አራት ታንኳ ሠሪዎች ወደ ሞሮኮ መጡ። የእነሱ አስተሳሰር ሌላ ነው። ሁለት ታላላቅ ጥቅሎች ይሠራሉ፣ በመካከላቸው አንድ ቀጭን ጥቅል ያደርጋሉ፣ ከዚያ አንድ ያልተቆረጠ ገመድ ከዳር እስከ ዳር እየተጠመዘዘ ትልቁን ከቀጭኑ ጋር ያጠብቀዋል። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ገመዱ ይበልጥ ይጠብቃል። ይህቺኛዋ አጠር ያለች ናት፤ 12 ሜትር። ራ ሁለት ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ከሳፊ ተነሣች፣ በ57 ቀን 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ሐምሌ 5 (እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1970) ባርቤዶስ ገባች። ከጣና የታጨደው ደንገል ነው የደረሰው።

ሌላም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሄየርዳል ትግሪስ የተባለች ሦስተኛ ጀልባ ኢራቅ ውስጥ አሠራ። ሸንበቆው የኢራቅ ነው፣ አሳሪዎቹ ግን አሁንም አይማራዎቹ። አምስት ወር ውኃ ላይ ቆየች። ተክሉ ሌላ፣ አስተሳሰሩ ያው። ትግሪስ የሞተችው በመስመጥ አይደለም፤ በእኛው ሰፈር በነበረው ጦርነት ነው። የአፍሪካ ቀንድ በሙሉ ሲታኮስ ማለፊያ ብታጣ፣ መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅቡቲ ባሕር ላይ ሰዎቿ ራሳቸው ጦርነቱን በመቃወም አቃጠሏት።

ከዚህ በላይ ግን አንወጥረው። ጉዞው የሚያሳየው ደንገል መሻገር እንደሚችል ነው። ግብጾች በጥንት ዘመን አሜሪካ ደርሰው ሥልጣኔ አስተማሩ የሚለውን አያሳይም፤ አብዛኞቹ ምሁራንም አልተቀበሉትም፣ እኔም አልቀበለውም። የአይማራ ሰው ታንኳ ለማሰር የግብጽ መምህር አያሻውም።

አሁን ወደ ጣና። ታንኳውን በማሰር የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፣ ባሕር ዳር ዙሪያና በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ። ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት ዝቅ አድርገው ሲያዩአቸው፣ በእነሱ ታንኳ ግን እህሉም ማገዶውም ሰውም ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ከዚያ የፋይበር ግላስና የብረት ጀልባው ተከተለ። የደንገሉ ዳርቻ ደግሞ ለእርሻና ለግጦሽ ተመነጠረ፤ ከጨረጨራ ግድብ በኋላ (እ.ኤ.አ. 1996) የውኃው ከፍታ መለዋወጫ ተቀየረ፤ በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ ታየ። ታንኳ ሠሪው ከቤቱ ደጅ ያጭደው የነበረውን ደንገል ፍለጋ መራቅ ግድ ሆነበት።

ሞተር ጀልባ ለምን መጣ አልልም። ምጥ የያዛት ሴት ከደሴት ሐኪም ቤት ስትሄድ በዘንግ ይገፏት የሚል ካለ እሱ ራሱ ይግፋ። የምለው፣ ታንኳው ሲተካ የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ይቆያል? እኛ የእንጦጦ ሥር ሰዎች ይህን ዓይነት ምርጫ ከነውጤቱ እናውቀዋለን። በምኒልክ ዘመን የተራራው ጽድ ለማገዶና ለቤት አለቀ፤ ከተማውም እንጨት ፍለጋ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ መጣ፣ አዲስ አበባም ባለችበት ጸናች። ውለታው ትልቅ ነው። ጥያቄው ግን ፍጥነት ብቻ ስለነበር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እዚያው ተራራ ላይ ጽዱንና ኮሶውን መልሰን እየተከልን ነው።

ጽድ ይተከላል፣ ዘሩ አለ። የታንኳ አስተሳሰር ዘር የለውም። የሚኖረው በአሳሪው ጣት ውስጥ ነው። ሄየርዳል ግብጽ ሲደርስ ሥዕሉን አገኘ፤ ያ ገመድ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው አንድ ሰው ግን አላገኘም። ግብጽ መጀመሪያ ተክሉን አጣች፣ ከዚያ እጁን፣ የቀራት ግድግዳው ነው። ጣና ላይ አሁን ተክሉ እየሳሳ ነው፣ እጁ ግን ገና በሕይወት አለ።

ራ ሁለት ዛሬ ኦስሎ፣ ኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። እዚያ ያላችሁ ግቡና እዩአት፤ የጣና ደንገል ነው። ባሕር ዳርና ጎርጎራ ያላችሁ ደግሞ ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ ታንኳ አሳሪ አባት ዘንድ ሂዱ። መጀመሪያ አስፈቅዱ፣ የዋለበትንም ክፈሉ። ከመጀመሪያው ጥቅል እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ሳትቆርጡ ቅረጹ፤ እያንዳንዱን ገመድ ለምን እንደሚያስሩት ጠይቁ፣ የማያስፈልግ የሚመስለውን በተለይ። ቪዲዮውን ከላካችሁልኝ እዚሁ ቻናል ላይ እለጥፈዋለሁ።