ደረቀ ወይስ ተዘጋ?

ሮቤ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወዳጅ አለኝ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ላፕቶፕ ይዞ ወደ ሱቁ የሚመጣው ሰው ሁሉ አቤቱታው አንድ ነበር ይላል፦ «ሌላው ሁሉ ይከፍትልኛል፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ስደርስ ግን ሃንግ ያደርጋል።» አንዱ ቫይረስ መስሎታል። ሌላው ብሮውዘሩን አጥፍቶ እንደገና ጭኗል። ኮምፒውተሩን ጭራሽ ፎርማት አስደርጎ የመጣም ነበር። ገንዘቡ ወጣ፣ የልጆቹ ፎቶ ጠፋ፣ ገጹ ግን አልተከፈተም።

የብዙዎቹ ኮምፒውተር ጤነኛ ነበር። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና አሁን ይህን የምታነቡበት ቴሌግራም በአገር ደረጃ ተገድበው ነበር። ገደቡ እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ቆየ። በስክሪኑ ላይ ግን «ተዘግቷል» የሚል አንድም ቃል አልነበረም። የምትሽከረከረው ክብ ብቻ ነበረች።

ይህች ክብ ታሪክ አላት። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከምርጫ 97 ማግስት መጀመሪያ የተዘጋው ግን ድረ ገጽ ሳይሆን አጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ ከሰኔ 1997 እስከ አዲሱ ሚሊኒየም መግቢያ፣ ከሁለት ዓመት በላይ። በግንቦት 1998 ደግሞ መንግሥትን የሚተቹ ድረ ገጾችና ብሎጎች አገር ውስጥ መከፈት አቆሙ። ባለሥልጣናቱ እጃችን የለበትም አሉ። በግንቦት 2004 ቶር የተባለው ማንነትን ሸሽጎ ድረ ገጽ የሚያስከፍት መሣሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ በረቀቀ ማጣሪያ መታገዱን አዘጋጆቹ አስታወቁ። በ2008 የመግቢያ ፈተና ፌስቡክ ላይ ከወጣ በኋላ፣ በሐምሌ ማኅበራዊ ሚዲያው ለቀናት ተዘጋ። በዚያው ክረምት ዋትስአፕና በርካታ የዜና ገጾች፣ በተለይ በኦሮሚያ፣ እንደማይከፈቱ ዓለም አቀፍ ተቋማት ለክተው አሳይተዋል። ሰኔ 2010 ላይ ከ200 በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ብዙዎቻችን ያ ዘመን አለፈ ብለን ነበር። ሆኖም በሰኔ 2012፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔቱ እንዳለ ጠፋ። ባሌ ያለ ሰው ስለ ቤተሰቡ ወሬ አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ማለት ነው።

ኢንተርኔቱ ሁሉ ሲጠፋ ቢያንስ ሰው መጥፋቱን ያውቃል። ግራ የሚያጋባው የተመረጠ ገጽ ሲዘጋ ነው። ብሮውዘሩ ጥያቄ ይልካል፤ ማጣሪያው ጥያቄውን መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ «አይቻልም» ብሎ እንኳ አይመልስም። ብሮውዘሩም መልሱን ይጠብቃል። ደብዳቤህ ፖስታ ቤት ቢቀር የዘመድህን መልስ ስትጠባበቅ እንደምትኖረው ነው። ይባስ ብሎ ያልተዘጋ ገጽም አብሮ ይደርቃል። አንድ የዜና ገጽ በውስጡ የፌስቡክ ቁልፍ ወይም የዩቲዩብ ቪዲዮ ካለው፣ ያ ቁራጭ እስኪመጣ ሲጠብቅ ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የሚገርመው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ገደቡ በተጀመረበት በዚያው ሳምንት የጉግል ክሮም አዲስ እትም ወጣ፤ ከዚያ እትም ጀምሮ ክሮም ዊንዶውስ 7ን መደገፍ አቆመ። በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች በነበረው እትም ላይ ቆመው ቀሩ፤ አዳዲስ ገጾችም እያደር ይከብዷቸው ጀመር። አንዱ መዘጋት ነበር፣ ሌላው እርጅና። ላይ ላዩን ሲታዩ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ዛሬ ችግሩ ተገልብጧል። የተማሪ ውጤት የሚታይበት ገጽ በውጤት ቀን ሲደርቅ «ዘግተውት ነው» እንላለን፤ አገር ሙሉ በአንድ ሰዓት ስለገባበት ሰርቨሩ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል። የኮምፒውተሩ ትንሿ ባትሪ ሞታ ቀኑ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ወይም ባለቤቱ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሲሞላው፣ አስተማማኝ የሚባሉት ገጾች ምስክር ወረቀታቸው «ገና ያልደረሰ» ይመስልና አይከፈቱም። ሰውየው ግን መንግሥትን ያማል። በአንድ ወቅት ለመከልከል የዋለ ዝምታ ዛሬ እውነተኛውን ብልሽት እንኳ እንዳናምን አድርጎናል።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ወዳጄ ለደንበኞቹ የሚነግራቸው ይህን ነው።

መጀመሪያ ሌላ ገጽ ክፈት። ብሮውዘሩ ራሱ አልንቀሳቀስ ካለ፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ከጮኸ፣ ችግሩ እቤትህ ነው፤ የተከፈተውን ብዛት ቀንስ፣ ቀኑን እይ፣ ብሮውዘሩን አድስ። ሌላው ሁሉ እየሠራ አንዱ ገጽ ብቻ ከተሽከረከረ ጎባ ላለ ጓደኛህ ደውል። ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ያንተ አይደለም። እሱ ዘንድ ከተከፈተ ችግሩ ያንተ መሣሪያ ወይም መስመር ነው። እሱም ዘንድ እምቢ ካለ ውጭ አገር ያለ ዘመድህን ጠይቅ። እዚያም ካልተከፈተ የታመመው ድረ ገጹ ራሱ ነው። እዚያ ተከፍቶ ሮቤም ጎባም ካልተከፈተ፣ ጉዳዩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ያኔ ፎርማት ማስደረግ ገንዘብ መጣል ነው፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ሁሉ መጫንም የይለፍ ቃልህን ለማታውቀው ሰው መስጠት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ምርመራ ግን የዜጋው ሥራ መሆን አልነበረበትም። ኢንተርኔትን የሚያስተዳድሩት የዓለም ባለሙያዎች በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. 451 የሚባል የመልእክት ቁጥር አጽድቀዋል፤ ትርጉሙ «ይህ ገጽ በሕግ ምክንያት ተከልክሏል» ነው። የከለከለውን አካልና የሕጉን ምክንያት የሚጠቅስበት ቦታም አለው። በዚያው ዓመት ሐምሌ እኛ ዘንድ የነበረው ዝም ያለች ክብ ነበረች።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመሻትና የመቀበል ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ገደብ መጣል የግድ ነው የሚል መንግሥት ካለ ማን እንደገደበ፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍበት። ስሙን የጻፈ አካል ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤትም ሊቆም ይችላል። ዝም ያለች ክብን ግን ማን ይከሳታል? የሮቤው ሰው ላፕቶፑን ነው የከሰሰው፤ የልጆቹን ፎቶም ያጣው ለዚህ ነው።