ውሰትና ዋስ፦ መጽሐፍ ለመምህር የማዋስ ልማድ ታሪክ

አማርኛ ብድርንና ውሰትን ለይቶ ያያል። ገንዘብና እህል ይበደሩታል፤ ተበዳሪው የሚመልሰው ያንኑ ብር ወይም ያንኑ ጤፍ ሳይሆን ልኩን ነው። መጥረቢያ፣ ምጣድ፣ የሰርግ ልብስና መጽሐፍ ግን ይዋሷቸዋል፤ ወደ ባለቤቱ መመለስ ያለበትም ራሱ የተወሰደው ዕቃ ነው። «ውሰት» ለጆሮ የ«ዋስ» ዘመድ ነው። የሥርወ ቃሉን ጉዳይ ለሥነ ልሳን ባልደረቦቼ ልተውላቸውና፣ በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ጥያቄ ከዚሁ የድምፅ ዝምድና የተነሣ ነው። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ለመምህር አምኖ ሲያስረክብ ዋሱ ምንድን ነው? ዋስ የሚሆነውስ ለምኑ ነው?

ጥያቄው ከንባብ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ከነበርኩበት ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ ስዛወር እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የክሊራንስ ወረቀት ይዤ በየክፍሉ ዞርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ስደርስ በስሜ ሦስት መጻሕፍት እንዳሉ ተነገረኝ። ሁለቱን ወዲያው አስታወስኳቸው። ሦስተኛው ስለ ልብ ወለድ አተራረክ የሚያትት የእንግሊዝኛ የሂስ መጽሐፍ ሲሆን፣ የወሰድኩት በ1999 ዓ.ም. ነበር። ከቢሮዬ መደርደሪያ ከላይኛው ረድፍ፣ ከፈተና ወረቀት ክምር ጀርባ አገኘሁት። ይዤው ስመለስ የውሰት ክፍሉ ሠራተኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አልተቆጡኝም። «መምህር፣ ይኼ መጽሐፍ ብዙ ተጠይቋል» ብለው ከመሳቢያ አንድ ደብተር አወጡ። ተማሪዎች የፈለጉትን መጽሐፍ ሲያጡ ስማቸውንና የመጽሐፉን ርእስ የሚጽፉበት ደብተር ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህንኑ መጽሐፍ የጠየቁ አሥራ አንድ ተማሪዎች ተመዝግበዋል። ከእነሱ መካከል የሁለቱን የመመረቂያ ጽሑፍ ያማከርኩት እኔ ነኝ። የአንደኛዋንም ጽሑፍ ንድፈ ሐሳባዊ ንባቡ ሳስቷል ብዬ ነጥብ ቀንሼበታለሁ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው።

«ለመምህራን የተቆረጠ ቀን የለም። ደግሞ እርስዎን መጽሐፍ ይመልሱ ማለት ድፍረት ይመስላል» አሉኝና ወረቀቴን ፈረሙልኝ። ቅጣትም አልነበረብኝ። በደንቡ መሠረት ያጠፋሁት ነገር የለም።

ይህ ደንብ ከየት መጣ? መጽሐፍ ለሚያነቡና ለሚያስተምሩ ሰዎች በዝርዝር እየመዘገቡ ማዋስ ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ተቋም ይቀድማል። በአውሮፓ ሥሩ ገዳማት ውስጥ ነው። የቅዱስ ቤኔዲክት ሥርዓት እያንዳንዱ መነኩሴ በዐቢይ ጾም ወቅት አንድ መጽሐፍ ተቀብሎ ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ያዝዛል። በ11ኛው ምዕት ዓመት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ላንፍራንክ ለመነኮሳቱ ባወጣው ደንብ ይህንኑ አስፋፍቶ የዓመቱ ሥነ ሥርዓት አድርጎታል። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ በመነኮሳቱ መሰብሰቢያ ምንጣፍ ይነጠፋል። ያልተዋሱት መጻሕፍት በምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ፤ ባለፈው ዓመት የተዋሱትን ደግሞ መነኮሳቱ በእጃቸው ይዘው ይገባሉ። መጽሐፍ ጠባቂው ማን ምን እንደወሰደ ዝርዝሩን ያነባል። ስሙ የተጠራው መነኩሴ መጽሐፉን ያስረክባል። ሳያነበው ዓመቱ ያለፈበት መነኩሴ ግን በግንባሩ ተደፍቶ ጥፋቱን ይናዘዛል፣ ይቅርታም ይለምናል። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ይህ መነኩሴ መጽሐፉን አልጣለም፣ አልቀደደም፣ አልሸጠም። መጽሐፉ ንጹሕ ሆኖ በእጁ አለ። ጥፋቱ ሌላው ሊያነበው በሚችልበት ዓመት ሳያነቡ ይዞ መክረሙ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ሲመጡ መጻሕፍቱን ከገዳማት ወረሱ፤ ይህን ኑዛዜ ግን አልወረሱም። ሮቤር ደ ሶርቦን እ.ኤ.አ. በ1257 በፓሪስ የመሠረተው ኮሌጅ ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1289 መጻሕፍቱን በሁለት ከፈላቸው። ሁሉም የሚፈልጋቸውን በትልቁ ክፍል ከመነበቢያው ጋር በሰንሰለት አሰራቸው፤ የቀሩትን በትንሹ ክፍል አስቀምጦ ለአባላቱ ማዋስ ቀጠለ። የሚዋሱት ተራ ተማሪዎች አልነበሩም፤ በነገረ መለኮት የሚሠለጥኑና ራሳቸውም የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። በዘመኑ አንድ መጽሐፍ ማለት የብዙ በግ ቆዳና የአንድ ጸሐፊ የብዙ ወራት ድካም በመሆኑ፣ መጽሐፉ ከቤቱ ሲወጣ ዋጋው ከመጽሐፉ የሚበልጥ መያዣ ይጠየቅ ነበር። ውጤቱ በቁጥር ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1338 በተዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ ለውሰት ከተመደቡት ከ1,700 በላይ መጻሕፍት 300 ያህሉ የጠፉ ተብለው ምልክት ተደርጎባቸዋል። በሰንሰለት የታሰሩት ደግሞ 330 ገደማ ነበሩ። የሰንሰለቱን ነገር ስናነብ ተማሪን የሚጠረጥር ሥርዓት ይመስለናል፤ በሶርቦን ግን ሰንሰለቱ የተበጀው ለመምህሩ ነው።

መጽሐፍና መያዣ በዚያ ዘመን ቦታ ይለዋወጡም ነበር። በኦክስፎርድ ሮበርት ግሮስቴስት እ.ኤ.አ. በ1240 ባቆመው የገንዘብ ሣጥን ችግረኛ ምሁር ገንዘብ ሲበደር የሚያስይዘው መጽሐፉን ነበር። እዚያው ኦክስፎርድ የኮሌጆቹ አባላት በዓመት አንድ ጊዜ መጻሕፍቱን ሰብስበው እንደገና ይከፋፈሉ ነበር፤ ላንፍራንክ ካነጠፈው ምንጣፍ ኑዛዜው ቀርቶ ቆጠራው ተረፈ ማለት ይቻላል።

ቶማስ ቦድሊ ይህን ሁሉ አይቶ ሌላ መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1602 በኦክስፎርድ ለአንባቢ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት ለማንም ምንም አያውስም። ደንቡ በትልቅ ሰው ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1645፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት መቀመጫውን በኦክስፎርድ አድርጎ የነበረው ቀዳማዊ ቻርልስ አንድ የፈረንሳይኛ የታሪክ መጽሐፍ እንዲላክለት ጠየቀ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጆን ራውስ ደንቡን ይዞ ሄዶ አሳየው፤ ንጉሡም ደንቡ ይከበር ብሎ ተወው። ንጉሡን ያስገደሉት ወገኖች መሪ ኦሊቨር ክሮምዌልም እ.ኤ.አ. በ1654 ለፖርቱጋል አምባሳደር አንድ ብራና ቢያስጠይቅ ያገኘው መልስ ያው ነበር። ጠላቶቹን ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያየ ደንብ ነው። እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር የማስበው ቤቱ ርቆበት፣ ወይም የማታ ሥራ ኖሮበት፣ ወደዚያ አዳራሽ በሥራ ሰዓት መምጣት ያልቻለውን አንባቢ ነው። ለእሱ እምቢታው እንደ ንጉሡ ክብር የለውም።

ማዋስ መጽሐፍን ማጥፋት ነው ለሚሉ ደግሞ የሃርቫርድ ኮሌጅ የተለየ ማስረጃ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በጥር 1764 ቤተ መጻሕፍቱ የነበረበት ሕንፃ ሲቃጠል ወደ 5,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ወደሙ። የተረፉት 400 ያህል ናቸው። የተረፉትም በሰው እጅ በውሰት ላይ ስለነበሩ፣ አንዳንዶቹም ገና ከሣጥናቸው ስላልወጡ ነው። ምናልባት ከእነሱ መካከል የመመለሻ ቀኑን ያሳለፈ ሰው ይኖር ይሆናል። እሱን የሚቀጣ ደንብ በዚያ ሌሊት ምን ዋጋ ነበረው!

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ዋሱም አያያዙም መልኩን ይለውጣል። መጽሐፉ በማኅደሩ ገብቶ በዕቃ ቤት ግድግዳ ይንጠለጠላል፤ ጠባቂው ቄሰ ገበዙ ነው። በብዙ ብራናዎች ባዶ ገጾች ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ እናገኛለን። በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ምዕት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው። መያዣውን ውግዘት ተክቶታል፤ መጽሐፉን የሰረቀውና ጽሕፈቱን የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ። እንደ ሶርቦን መያዣ ውግዘቱም የሚጠብቀው መጽሐፉን ነው።

በጉባኤ ቤት ግን መምህሩ መጽሐፍ መዋስ ብዙም አያስፈልጋቸውም። በትርጓሜ ጉባኤ መጽሐፉን ይዞ የሚያነበው ተማሪው ነው። መምህሩ ንባቡን ሰምተው አንድምታውን በቃላቸው ያወርዱታል፤ ዓይነ ስውር ሆነው ጉባኤ ያስፋፉ ሊቃውንትም ነበሩን። መጽሐፉ አንድ ቢሆን እንኳ በጉባኤው መካከል ነው፣ በዙሪያውም ሁሉም ይሰማዋል። መምህር መጽሐፉን ወደ ቢሮው ወስዶ፣ ተማሪ ደግሞ በርቀት ስሙን ብቻ የሚሰማበት ሥርዓት ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጣ ነው። ይህን የምለው የጥንቱን ለማሞገስ አይደለም። በቃል የተያዘው ብዙ ነገር ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል፤ ያንንም እያወቅን ነው።

ዘመናዊው ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በ1954 ዓ.ም. የተመረቀው ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ግቢ ሲቋቋም፣ ሶርቦን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖራቸው ሁለት ሥርዓቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ጎረቤት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ስታኒስላው ሆይናትስኪ በኃላፊነት ያደራጀው፣ መጽሐፉን ከመጋዘን አስመጥቶ እዚያው የሚያስነብብ እንጂ ወደ ቤት የሚያስወስድ አይደለም። በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በጆን ኤፍ. ኬኔዲ ስም የተጠራው ደግሞ አዋሽ ነው። ለምርምር ወደዚያ ግቢ የሄደ የክፍለ ሀገር መምህር ሁሉ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። በመጀመሪያው ወንበር ጠብቆ እየገለበጠ ያነባል፤ በሁለተኛው ደግሞ የሚፈልገው መጽሐፍ በሌላ መምህር እጅ እንደሆነ ይነገረው ይሆናል።

ከአሜሪካ የመጣው የአሠራር ዘዴም ለዚህ አመቺ ነበር። ከኒውአርክ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስሙን የወሰደው ሥርዓት በመጽሐፉ ልባድ ውስጥ ኪስ ይለጥፋል፤ በኪሱ ካርድ አለ። ተዋሹ ሲፈርም ካርዱ ቤተ መጻሕፍት ይቀራል፣ መጽሐፉ ይሄዳል። የመመለሻ ቀን በማኅተም ይመታል። ለተማሪ ቀኑ ቅርብ ነው፣ ያለፈበትም ይቀጣል። ለመምህር በየአገሩ እንደ ዩኒቨርሲቲው ልማድ ቀኑ የሴሚስተር፣ የዓመት፣ ወይም እኔ በነበርኩበት ቤት እንደሆነው ክፍት ነው። ምክንያቱ ምርምር ጊዜ ይወስዳል የሚል ነው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። የመምህሩ ዋስ ደመወዙ ነው። መጽሐፉን ቢያጠፋ ይከፍላል፣ ሥራ ቢለቅ ያለ ክሊራንስ አይሄድም።

የመያዣው፣ የሰንሰለቱ፣ የውግዘቱና የደመወዙ አንድነት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ዋስ የሆኑት ለዕቃው ነው። ለዘጠኙ ዓመት ዋስ የሆነ የለም። እኔ መጽሐፉን ስመልስ ዕቃው ተሟልቷል፤ የአሥራ አንዱ ተማሪዎች ጊዜ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተፈረመበትም። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ጥሪ ነው፤ መጽሐፉን ሌላ ሰው እስካልፈለገው ድረስ መምህሩ ይይዘዋል፣ ጠያቂ ሲመጣ ግን በተወሰነ ቀን ውስጥ ይመልሳል። ቀላል ነገር ነው። የሚቸግረው የሚጠራው መምህር፣ የሚጠራው የውሰት ክፍል ሠራተኛ መሆኑ ነው። እኒያ አዛውንት «ድፍረት ይመስላል» ያሉኝን ደንብ ብቻውን አያስተካክለውም።

አሁን በማስተምርበት ትምህርት ክፍል ይህንን ሐሳብ በስብሰባ ላይ አንሥቼው ነበር። ያቀረብኩት ሁለት ነገር ነው፤ ጠያቂ የመጣበት መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲመለስ፣ ሁላችንም ደግሞ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የያዝነውን መጽሐፍ ሁሉ አምጥተን እንድናስቆጥር። የመጀመሪያው ብዙ ክርክር አልገጠመውም። ሁለተኛውን ግን ባልደረቦቼ አልወደዱትም። አንዱ፣ እኔ የማከብረው ተመራማሪ፣ ምርምር በሰኔ አያልቅም፣ በየገጹ መካከል ያስቀመጥኩትን ወረቀት አውጥቼ እንደገና ልጀምር ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ሐሳቡ ለሌላ ጊዜ ይደር ተባለ፣ እንዳደረም ነው።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ለብቻዬ አራት መጻሕፍት ተሸክሜ ወደ ውሰት ክፍሉ ወረድኩ። ሦስቱን ጨርሻቸዋለሁ። አንዱን ግን ከመግቢያው አላለፍኩም ነበርና ለሠራተኛዋ ይህንኑ ነገርኳት። ምን እንደምትለኝ ግራ ገባት መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ ማኅተሙን መታችና መጽሐፉን ከሚደረደሩት ጋር ጋሪው ላይ አኖረችው።